መጀመሪያ ዕቃውን ንገሩኝ፦ ስለ ረጃጅም የመጋዘን መደርደሪያዎችና ስለ ስፕሪንክለር

ይሄ ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ የተናገርኩት ነው። አዳራሹ ውስጥ የመጋዘን ባለቤቶች፣ ስቶር ኪፐሮች፣ ጥቂት ኮንትራክተሮችና የምህንድስና ተማሪዎች ነበሩ። ብዙ ሰው "ጽፈህ አውጣው" ስላለኝ ከማስታወሻዬና አንድ ተማሪ በስልኩ ከቀዳው ድምፅ አቀናጅቼ ጻፍኩት። መጨረሻ ላይ ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዳንዶቹን ወደ መሃል አምጥቻቸዋለሁ። ሌላው እንደተነገረው ነው።

እንደምን ዋላችሁ። ለመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለገበያ ሰው ቀላል ሰዓት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ መጋዘን የእሳት መከላከያ እንድነድፍ ተሰጠኝ። ፕላኑን ዘረጋሁ። ስንት ካሬ እንደሆነ አየሁ፣ የጣሪያውን ከፍታ አየሁ፣ የስፕሪንክለር ራሶቹን፣ ማለትም ጣሪያ ላይ ተሰቅለው እሳት ሲነሳ ራሳቸው ውሃ የሚረጩትን፣ በእኩል ርቀት ደረደርኩ፣ ቧንቧውን አሰላሁ፣ አትሜ ለአለቃዬ ወሰድኩ። አለቃዬ የደሴ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የሚቀመጠው ምንድነው?" አሉኝ። አላውቅም። "ስንት ሜትር ድረስ ይደረደራል?" እሱንም አላውቅም። "ታዲያ ይሄንን ለምኑ ሠራኸው?" አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

ዛሬ የመጣሁት ያንን ጥያቄ ይዤላችሁ ነው። ስፕሪንክለር የሚሠራው ለህንፃው አይደለም፣ ለዕቃው ነው። ለዕቃው ዓይነት፣ ለማሸጊያው፣ ለቁመቱ፣ ለአደራደሩ። ህንፃው ሳይነካ፣ ቧንቧው ሳይነካ፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ መከላከያችሁ ሊጠፋ ይችላል። ውስጥ ያለውን ዕቃ መቀየር ብቻ ይበቃል።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። ኮምቦልቻ የመጋዘን ከተማ እየሆነች ነው። ደረቅ ወደቡ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ድሮ ጆንያ በጆንያ ላይ ተነባብሮ ሁለት ሦስት ሜትር ሲደርስ "በቃ ሞላ" ይባል ነበር። አሁን የብረት መደርደሪያ ይተከላል፣ ፎርክሊፍት ይገባል፣ ዕቃው ሰባት ስምንት ሜትር ይወጣል። መሬት ውድ ስለሆነ ሰው ወደ ላይ ይሄዳል። በዚህ አልፈርድም። ግን ዕቃው ወደ ላይ ሲሄድ እሳቱም አብሮት ነው የሚወጣው፣ ያውም በሌላ ፍጥነት።

ይሄን ፍጥነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡና ሊፈላ ሲል ከሰሉ እምቢ ካለ፣ ላይና ታቹ የተቀደደ ጣሳ የሚያቆሙበት ሰዎች አሉ አይደል? ጣሳው ውስጥ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሥር አዲስ አየር ይስባል፣ ከሰሉ ወዲያው ይቀላል። የመጋዘን መደርደሪያ ማለት ስምንት ሜትር ቁመት ያለው ጣሳ ነው። በሁለት ፓሌት፣ ዕቃ ተጭኖበት ፎርክሊፍት በሚያነሳው ርብራብ፣ መካከል ያለው ክፍተት፣ ጀርባ ለጀርባ በቆሙ ሁለት መደርደሪያዎች መካከል ያለው ክፍተት፣ ሁሉም ጭስ ማውጫ ነው። ታች የተነሳች ትንሽ እሳት የካርቶኑን ጎን ትልሳለች፣ የላዩን ታሞቃለች፣ የላዩ ሲያያዝ ደግሞ የበላዩን። በሙከራ ቦታዎች የተቀረጹ ምስሎችን ብታዩ፣ እሳቱ ከወለል ተነስቶ የመደርደሪያው ጫፍ ለመድረስ የሚፈጅበት ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ጥበቃው ጭሱን አይቶ፣ ቁልፍ ፈልጎ፣ ስልክ አውጥቶ እስኪደውል ጫፍ ደርሷል ማለት ነው። ከደሴ ድጋፍ ይምጣ ከተባለ ደግሞ መኪናው ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወርዶ ነው የሚደርሰው። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሁላችንም በስልካችን አይተናል። መኪና መጥቶም መንገድ ከሌለ፣ እሳቱም አንዴ ከገነፈለ፣ ሰው ቆሞ ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም።

ስለዚህ እዚያው እሳቱ አናት ላይ፣ ሰው ሳይጠራው የሚነሳ ነገር ያስፈልጋል።

(እዚህ ጋ አንድ የስፕሪንክለር ራስ ከኪሴ አውጥቼ ለፊተኛው ረድፍ ሰጠሁ፣ እጅ በእጅ ዞረ።)

ተቀባበሉት፣ ግን በቀስታ ያዙት። መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን የመስታወት ብልቃጥ ናት። ውስጧ ቀይ ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹ ውስጥ ደግሞ አንዲት ትንሽ የአየር አረፋ። ብርሃን ላይ ብታዞሯት አረፋዋ ትንቀሳቀሳለች። ሙቀት ሲደርስባት ፈሳሹ ያብጣል፣ አረፋዋ ትጠፋለች፣ ከዚያ ፈሳሹ መሄጃ ሲያጣ መስታወቷ ትፈነዳለች። መስታወቷ ደግፋው የነበረው ክዳን ይወድቃል፣ ውሃው ይወጣል። አለቀ። ኤሌክትሪክ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም፣ መብራት ቢጠፋም አይመለከተውም። ቀዩ በ68 ዲግሪ ይፈነዳል። ብርቱካናማ በ57፣ ቢጫ በ79፣ አረንጓዴ በ93። ቀለሙን አይታችሁ ዲግሪውን ታውቃላችሁ።

የብልቃጧ ውፍረትም ነገር ነው። 5 ሚሊ ሜትር የሆነችው ቀስ ብላ ነው የምትሞቀው፣ 3 ሚሊ ሜትሯ ቶሎ ትፈነዳለች። ሁለቱም 68 ዲግሪ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን አንዷ ከሌላዋ ትቀድማለች። መጋዘን ውስጥ ይህቺ የሰከንዶች ልዩነት ትልቅ ናት።

ሀሳቡ አዲስ አይደለም። ሄንሪ ፓርምሊ የሚባል አሜሪካዊ የፒያኖ ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ በ1874 እ.ኤ.አ. በሙቀት ራሱ የሚከፈት ስፕሪንክለር ሠርቷል። እኛ ከ150 ዓመት በኋላ ስለሱ ስናወራ እንደ ቅንጦት ባናየው ደስ ይለኛል።

አንዲት እህት "ታዲያ አንድ ቦታ ጭስ ቢነሳ ሁሉም ተከፍቶ ዕቃዬን ሁሉ አያበሰብሰውም ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይሄ ጥያቄ የትም ስሄድ ይነሳል። ፊልም ላይ አንዱ ሲጋራ ያበራና ህንፃው በሙሉ ይዘንብበታል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። ስፕሪንክለር ጭስ አያውቅም፣ የሚያውቀው ሙቀት ነው። የሚከፈተውም እላዩ ላይ ሙቀት የደረሰበት ራስ ብቻ ነው። በአብዛኛው እሳት አንድ ወይም ጥቂት ራሶች ናቸው የሚከፈቱት። ሌላው ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። "ስፕሪንክለር አለኝ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል፣ ቀጥሎ ግን "ምን ያህል ውሃ ያወርዳል?" እለዋለሁ። ለአንድ ቢሮ በደቂቃ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይበቃል። ሚሊ ሜትር ያልኩት ዝናብ እንደሚለካው ነው፣ ወለሉ ላይ ቢጠራቀም የሚኖረው ጥልቀት። ለሱቅና ለመለስተኛ ሥራ ቤት 8 ገደማ። ለረጅም መደርደሪያ ተብሎ የተሠራው ስፕሪንክለር ግን በደቂቃ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ያወርዳል። ደሴ ላይ አንድ ከባድ የክረምት ቀን ሙሉ የሚጥለውን ዝናብ አስቡት፣ ያንን በአንድ ደቂቃ። የሱቅ ስፕሪንክለር መጋዘን ጣሪያ ላይ የሰቀለ ሰው ሲታይ መከላከያ አለው፣ ሲሰላ ግን የለውም።

የውሃው ብዛት ብቻም አይደለም። ከእሳቱ የሚነሳው ትኩስ አየር ወደ ላይ የሚወጣው በኃይል ነው። ጠብታው ትንሽ ከሆነ ያ አየር ተሸክሞት ይመለሳል ወይም መንገድ ላይ ይተናል፣ እሳቱ ጋ ሳይደርስ። ስለዚህ ጠብታው ትልቅና ከባድ መሆን አለበት፣ በግፊት መምጣት አለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቶሎ መምጣት አለበት። በዚህ ሀሳብ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ዓይነት ስፕሪንክለር ተሠራ፣ ኢኤስኤፍአር ይባላል። ትርጉሙን ላስረዳ ብዬ ብዙ ቃል ስፈልግ ነበር፣ በኋላ እናቴ ሁልጊዜ የምትለው ትዝ አለኝ፦ ሳይቃጠል በቅጠል። ኢኤስኤፍአር ማለት ይሄው ነው። የድሮው ስፕሪንክለር እሳቱን ከቦ ያቆየዋል፣ ማጥፋቱን ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይተዋል። ይሄኛው እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ብዙ ውሃ አናቱ ላይ አውርዶ ያፍነዋል። ካመለጠው ግን ችግር ነው። የሚሠራው ጥቂት ራሶች ብቻ ይከፈታሉ ተብሎ ስለሆነ እሳቱ ቀድሞ ከተስፋፋ የሚከፈቱት ይበዛሉ፣ ውሃው ለሁሉም አይዳረስም።

እዚህ ጋ ነው የአለቃዬ ጥያቄ የሚመጣው። ምንድነው የሚቀመጠው?

ሚስማር በካርቶን፣ ካርቶኑ በእንጨት ፓሌት ላይ። ይሄ ቀላሉ ነው፣ የሚነደው ካርቶኑና ፓሌቱ ብቻ ስለሆነ። ኤንኤፍፒኤ 13 የሚባለው የአሜሪካኖቹ የስፕሪንክለር ደረጃ አንደኛ ክፍል ይለዋል። ዱቄት፣ ወረቀት፣ የጥጥ ልብስ በካርቶን፣ ይሄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ትንሽ ፕላስቲክ ሲገባበት አራተኛ ይሆናል። ከዚያ በላይ ራሱን የቻለ የፕላስቲክ ምድብ አለ፣ ውስጡም ቢሆን ካርቶን የገባና ያልገባ፣ ድፍንና አረፋ የሆነ ለየብቻ ነው የሚታየው። ባዶ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሳፋ፣ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ጥጥ ወይም እንጨት ሲነድ 17 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። አንድ ኪሎ የጀሪካን ፕላስቲክ ከ40 በላይ ነው የሚሰጠው። ያውም ቀልጦ እየፈሰሰ፣ ወለሉ ላይ ኩሬ እየሠራ። በፕላስቲክ ጀሪካን የታሸገ የምግብ ዘይት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ ጀሪካኑ ሲቀልጥ ዘይቱ ራሱ ነዳጅ ሆኖ ይፈሳል።

እንዲህ አስቡት። አንድ ሰው መጋዘኑን ለሚስማርና ለቆርቆሮ ብሎ አሠራ። ስፕሪንክለሩ ለዚያ ተሰላ። ከሦስት ዓመት በኋላ ገበያው ተለወጠና መጋዘኑን ለፍራሽ ነጋዴ አከራየው። ፍራሽ ቀላል ነው፣ መደርደሪያው አይከብደውም፣ ሁሉም ደስ አለው። ማንም ሰው ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አላየም። ሌላው ቀርቶ የእንጨት ፓሌቱን በፕላስቲክ ፓሌት መተካት ብቻ ዕቃውን አንድ ክፍል፣ አንዳንዴም ሁለት ክፍል ከፍ ያደርገዋል። ሚስማሩ ያው ሚስማር ነው፣ ከሥሩ ያለው ግን ተቀየረ።

በዚህ የደረሰ እውነተኛ ነገር ልንገራችሁ። ሰኔ 1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ኬማርት የተባለው ነጋዴ ድርጅት አንድ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘኑ ተቃጠለበት። ከ100 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ነበር። ስፕሪንክለር ነበረው፣ ሠርቷልም። ግን ውስጡ በግፊት የታሸጉ ቆርቆሮዎች ነበሩ፣ እንደ ካርቡሬተር ማጽጃ ያሉ። ቆርቆሮዎቹ ሲሞቁ እየፈነዱ እንደ ሮኬት እየነደዱ በረሩ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እሳት ይዘው። ስፕሪንክለሩ ለዚያ አልተሰላም። መጋዘኑ በሙሉ ወደመ።

የልብስ ፋብሪካ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ስሙኝ። ኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ፣ ዳካ አጠገብ፣ ታዝሪን የሚባል የልብስ ፋብሪካ ውስጥ እሳት ተነሳ። የተነሳው መሬት ወለሉ ላይ ጨርቅና ክር ከተከማቸበት ነው። ሰዎቹ ከላይ ፎቅ ላይ እየሰፉ ነበር። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ስለ መጋዘን ስናወራ ስለ ዕቃ ብቻ የምናወራ ይመስለናል። ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት እህቶቻችን ከጨርቅ ክምር በላይ ወይም አጠገብ ተቀምጠው እንደሚሰፉ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እኔን ይሄን ሥራ እንድወደው ያደረገኝ እሱ ነው።

ወደ አደራደሩ ልመለስ። ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው፣ እሳቱ ግን ታች፣ ዕቃው መሃል ነው። ውሃው በየት ይውረድ? ቅድም ጭስ ማውጫ ያልኳቸው ክፍተቶች እሳቱን ወደ ላይ እንደሚያወጡት ሁሉ ውሃውንም ወደ ታች የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ አትድፈኗቸው። በፓሌቶች መካከልና በጀርባ ለጀርባ መደርደሪያዎች መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይሁን፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር።

በጣም የሚያሳስበኝ ላሜራው ነው። ስቶር ኪፐሮች ትንንሽ ካርቶን እንዳይወድቅባችሁ ብላችሁ መደርደሪያው ላይ ላሜራ ወይም ኮምፔርሳቶ ታነጥፋላችሁ። ይገባኛል፣ ሥራ ያቀላል። ግን እያንዳንዱ ላሜራ ጃንጥላ ነው። ከሥሩ ያለው እሳት ሳይነካው እየነደደ ውሃው ከላይ ወርዶ በጎን ይፈሳል። የግድ ማንጠፍ ካለባችሁ የሽቦ ወንፊት አንጥፉ፣ ውሃ ያሳልፋል። ድፍን ከሆነ ደግሞ እዚያው መደርደሪያው ውስጥ፣ ከየድፍኑ ሥር፣ ስፕሪንክለር መግባት አለበት። እሱ ይቻላል፣ ጣሪያው በጣም ሲረዝምም ብዙ ጊዜ መፍትሔው እሱ ነው። ችግሩ የፎርክሊፍት ሹካ ነው። ሾፌሩ ትንሽ ሲስት ቧንቧውን ይገጨዋል፣ ያኔ እሳት ሳይኖር ጎርፍ ይሆናል። መደርደሪያውን የሚሠራው ብረት ሠራተኛና ቧንቧውን የሚዘረጋው ሰው ገና ሳይጀመር አብረው መቀመጥ አለባቸው። እኛ አገር የሚገናኙት ሥራው ካለቀ በኋላ ለመጣላት ነው።

ጣሪያውም ላይ አንድ ነገር። በቆርቆሮ የሚሠሩት መጋዘኖቻችን ቁልቁለት ያላቸው ናቸው። ኢኤስኤፍአር ከ10 ዲግሪ ገደማ በላይ ያዘነበለ ጣሪያ ሥር አይፈቀድም። ትኩሱ አየር በቁልቁለቱ ወጥቶ ከእሳቱ የራቀውን ራስ ይከፍተዋል፣ የቀረበው ዝም ይላል። ቆርቆሮውን ከመምታታችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን ውሃው። ወረቀት ያላችሁ ጻፉ። ጣሪያው 9 ሜትር፣ ዕቃው 7 ሜትር ተኩል የሆነ መጋዘን እንውሰድ። ውሃ የማሳለፍ አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር 200 የሆነ ኢኤስኤፍአር ራስ፣ በ3.5 ባር ግፊት። ቀመሩ ቀላል ነው፣ 200 ሲባዛ በግፊቱ ካሬ ሥር። ወደ 375 ሊትር በደቂቃ ይመጣል፣ ከአንድ ራስ። 12 ራሶች አብረው ቢከፈቱ ተብሎ ነው የሚሰላው፣ ከፓምፑ በጣም የራቁት 12። 4,500 ሊትር በደቂቃ። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቦ 950 ጨምሩ። 5,450። ለ60 ደቂቃ። 327 ሺህ ሊትር።

(እዚህ ጋ አዳራሹ ተንጫጫ።)

አዎ፣ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ 33 ማለት ነው። ጣሪያ ላይ አንድ ሮቶ ሰቅሎ "ስፕሪንክለር አለኝ" ማለት አይቻልም። የከተማ ቧንቧም ይሄን አይሰጥም፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላለ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም። የራሳችሁ ታንከር ያስፈልጋል። ታንከሩን ለምርትም ለመጸዳጃም የምትጠቀሙ ከሆነ የሌላው ሥራ መውጫ ከፍ ብሎ ይገጠም። 327 ሺህ ሊትሩ ከሥሩ ቀርቶ ለእሳት ብቻ ይሁን፣ ሰው ቢረሳ እንኳ ቧንቧው እንዳይረሳ።

ፓምፑ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ምክንያቱም ይሄን ማንም ከውጭ መጥቶ አይነግራችሁም፣ የእኛ ተራራ ጉዳይ ነው። መብራት ስለሚጠፋ የናፍጣ ፓምፕ እንገዛለን፣ ጥሩ። ካታሎጉ ላይ የተጻፈው ጉልበት ግን ባህር ወለል አካባቢ የተለካ ነው። ወደ ላይ ስትወጡ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንሳል። የፓምፕ ደረጃው ኤንኤፍፒኤ 20 ከ90 ሜትር በላይ ለያንዳንዱ 300 ሜትር 3 በመቶ ቀንሱ ይላል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናት። ከ17 በመቶ በላይ ሄደ። ደሴ ወደ 2,500 ናት፣ 24 በመቶ ሄደ። ሥራው 75 ኪሎ ዋት የሚፈልግ ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ ከ90 ትንሽ በላይ የተጻፈበትን ነው የምትገዙት። ለደሴ ደግሞ ወደ 100። በዋጋ ለማትረፍ ልክ 75 የገዛ ሰው ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁም ያምራል፣ ግፊቱ ግን አይደርስም።

ሁለተኛው የተራራ ጉዳይ መሳብ ነው። እኛ ታንከሩን ቆፍረን መሬት ውስጥ እንቀብርና ፓምፑን ከላዩ እናስቀምጣለን። ለእሳት ፓምፕ ይሄ አይሆንም። ተራው ፓምፕ ውሃው ራሱ ወርዶ ሊመጣለት ይገባል፣ ከጉድጓድ እየሳበ መጀመር የለበትም፣ ደረጃውም ይከለክላል። በዚህ ደረጃ ባህር ወለል ላይም ቢሆን ክልክል ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለል ስለሚያንስ 2 ሜትር ያህል የመሳብ አቅም ቀድሞውኑ ተወስዶብናል። ታንከሩን ከመሬት በላይ አድርጉት፣ ፓምፑ ከሥሩ ጎን ይቁም። የግድ ጉድጓድ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ቀጥ ያለ ዘንግ ያለው ፓምፕ አለ፣ ዋጋው ይከብዳል ግን ይሠራል።

ከተሠራ በኋላስ? በቅርቡ አንድ መጋዘን ገብቼ ነበር፣ የት እንደሆነ ይቅር። ሲስተሙ በደንብ የተነደፈ ነው፣ ያሠሩትም ሰው ገንዘብ አልሰሰቱም። ግን ጣሪያውን ቀለም የቀባው ልጅ ራሶቹንም ቀብቷቸዋል፣ ብልቃጦቹ ነጭ ሆነዋል። የተቀባ ራስ መጠረግ አይችልም፣ መቀየር ነው ያለበት፣ ቀለሙ ሙቀቱን ያዘገየዋልና። ቧንቧው ላይ ደግሞ መስመር ተወጥሮ የሠራተኞች ካፖርት ተሰቅሏል። ከሁሉም የባሰው ፓምፕ ክፍሉ ነበር። ዋናው ሳራቺኒስካ፣ የውሃው መዝጊያ፣ ተዘግቷል። ለምን ተዘጋ ስል ከወራት በፊት አንድ ቦታ አንጠባጥቦ ነው አሉኝ። ተጠግኗል፣ ግን የከፈተው የለም። ስፕሪንክለር ኖሮ ሳይሠራ ሲቀር ዋነኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው፣ የተዘጋ መዝጊያ። ክፍት አድርጋችሁ በሰንሰለትና በቁልፍ እሰሩት፣ ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ይሁን፣ ያ ሰው በየሳምንቱ ሄዶ በእጁ ይንካው።

ባዶ ፓሌቶችን ውጭ አስቀምጡ። ተደራርቦ የቆመ ባዶ የእንጨት ፓሌት ለምድጃ ተብሎ የተረበረበ ማገዶ ነው፣ አየሩ በሁሉም በኩል ይገባለታል፣ ዕቃ ከተጫነበት ፓሌት የከፋ ነው። የፎርክሊፍት ባትሪ ቻርጅ ማድረጊያውም ከመደርደሪያው ይራቅ።

አንድ ሐጂ፣ የረጅም ጊዜ ነጋዴ ናቸው፣ እጃቸውን አንስተው "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከሌለኝስ? ልዝጋው?" አሉኝ። አይዝጉት ሐጂ። ገንዘቡ እስኪገኝ ቁመቱን ይቀንሱ። ደረጃዎቹ ፕላስቲክ ያልሆነው ዕቃ ከ3 ሜትር ከ60 ገደማ ሲያልፍ ነው ከፍተኛ ክምር ብለው ሌላ ሕግ የሚያመጡት። ፕላስቲኩንና ስፖንጁን ለብቻው፣ በግድግዳ በተለየ ክፍል ያስቀምጡት። ዘይቱን ከሁለቱም ይለዩት። ሰው የሚሠራበትን ቦታ ከመጋዘኑ ይለዩት፣ ሁለት መውጫ ይኑረው፣ በሩም ከውጭ አይቆለፍ። ይሄ ስፕሪንክለርን አይተካም። ግን እሳቱ ሲነሳ የሚያገኘውን ነገር ያሳንስበታል፣ ሰውም ያወጣል።

ለተማሪዎቹ ያልኩት ደግሞ ይሄ ነበር። ባለቤቱ ፕላን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ አምስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ምንድነው፣ በምን ታሽጓል፣ ምን ላይ ተቀምጧል፣ እስከ ስንት ሜትር፣ ከአምስት ዓመት በኋላስ ምን ሊሆን ይችላል። መልሱን ጻፉና አስፈርሙት። ከዚያ ወረቀቱ መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ፦ "ይህ መከላከያ የተሠራው ለዚህ ዕቃ፣ እስከዚህ ከፍታ ነው"። ተከራይ ሲቀየር የሚያነበው ነገር ይኑር።

ሰዓት ስላለቀ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቶሎ ነው የመለስኩት። ያቺው ቅድም ስለ ዕቃዋ መበስበስ የጠየቀችው እህት፣ ስቶር ኪፐር ናት፣ "ከላይኛው ካርቶን እስከ ራሱ ድረስ ስንት መሆን አለበት?" አለች። ለኢኤስኤፍአር ከ90 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ውሃው ተዘርግቶ ጎረቤቱ ጋ ለመድረስ ቦታ ይፈልጋል። ለተለመደው ስፕሪንክለር 45 ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት ደወለችልኝ። ሜትር ይዛ ወጥታ ለክታዋለች። በአንደኛው ረድፍ 95 ነው፣ በሁለተኛው 90፣ በሦስተኛው ግን 30 ብቻ። የላይኛውን ረድፍ ካርቶን በፎርክሊፍት እያስወረደች ነበር፣ ድምፁ በስልኩ ይሰማኛል። "ወንድሜ፣ 60 ካርቶን ወርዷል፣ የት ላድርገው?" አለችኝ። ምን እንዳለበት ጠየቅኳት። የጥጥ ሸሚዝ ነው አለች፣ ግን ማንጠልጠያው ፕላስቲክ ነው። እስኪ አንዱን ክፈቺና ማንጠልጠያውን ለብቻ መዝኚልኝ አልኳት፣ አሁን እሱን እየጠበቅኩ ነው።